ከመስኮት ሦስት ሜትር

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ግራ እጇ ጭኗ ላይ ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከሁለት ዓመት ወዲህ አይታዘዟትም። የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ስድስት ድንች ክዳን በሌለው ድስት ተጥዷል፤ እሳቱ መካከለኛ ነው። ከምድጃው በላይ ባለው ገመድ ሁለት ፎጣዎች ተሰጥተዋል። ስልኬ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ አጠገቡ የካሜራ ድሮኔ ሁለተኛ ባትሪ ተሰክቷል። መጋረጃውን ዘግቼዋለሁ። የቤቱ ቁልፍ እጄ ላይ ነው።

"ዛሬም ልትቆልፊብኝ ነው?" አለች እማዬ።

"ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ። ውሃው ሳያልቅ ተመልሻለሁ።"

"የተቆለፈበት ሰው ሃያ አምስት ደቂቃውን በምን የሚቆጥር ይመስልሻል?"

"በሰዓት ነዋ። ይኸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።"

"እሱስ ቆሟል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። የሰው ግድግዳ ስንጥቅ በሚሊ ሜትር ትለኪያለሽ፣ የእናትሽ ሰዓት መቆሙን አታዪም።"

ቀና ብዬ አየሁ። ቆሟል። ስመለስ ባትሪ እቀይርለታለሁ አልኳት።

"ተዪው፤ እኔ በጢንዚዛሽ እቆጥራለሁ" አለች። ድሮኑን ጢንዚዛ ነው የምትለው። "ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ አንቺ ትመጫለሽ።"

በሩን ከውጭ የምቆልፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ግድግዳ ይዛ ወጥታ ደረጃው ላይ ወድቃ፣ ግንባሯ ላይ ሰባት ቦታ ተሰፍታለች። ሐኪሙም ብቻዋን እንዳትነሳ አለ። እኔም ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

የምንኖርበት ግቢ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃዎች አሉት። በመካከላቸው ሃያ ሁለት ሜትር አለ። እኛ ያለነው በምሥራቁ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ነው። የምዕራቡ ሕንፃ የላይኛው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አለ፤ እሱን መከታተል የእኔ ሥራ ነው። ስንጥቁን አቋርጠው የተለጠፉ አሥራ አንድ ቀጫጭን መስታወቶች አሉ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። በወር አንድ ጊዜ መሰበር አለመሰበራቸው መታየት አለበት።

ድሮኑ ከመምጣቱ በፊት ይህን የሚያደርገው ገመደኛው ነበር። ከጣሪያ በገመድ ይወርዳል፣ አንድ በአንድ ያያል፣ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። አንድ ክረምት ገመዱ የታሰረበት ብረት ተነቀለና ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ፤ ዛሬ በከዘራ ይሄዳል። ድሮኑ ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ግራም ይመዝናል፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ያንኑ ሥራ በዘጠኝ ደቂቃ ይጨርሳል፣ ቢወድቅም የሚሰበር ዳሌ የለውም። ስለ ጥቅሙ ሲጠይቁኝ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ስለ ጉዳቱ የሚናገሩት ጋሽ ሜትሮ ናቸው። ጋሽ ሜትሮ ከእኛ በላይ፣ ስድስተኛው ፎቅ የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። የወላጅ ስማቸው ሌላ ነው፤ የልብስ መለኪያ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ግን ግቢው እንዲህ ይላቸዋል፣ እሳቸውም አቤት ይላሉ። አምና የመጀመሪያ በረራዬ ላይ ነፋስ ድሮኑን ገፍቶ መስኮታቸው ፊት አቆመብኝ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ባለቤታቸው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ታመው፣ ፀጉራቸው አልቆ፣ ሻሽ ሳያደርጉ። ካሜራው የያዘውን ምስል በዚያው ሰዓት አጠፋሁት። ሴትየዋ ግን ካሜራውን አይተውታል። ከዚያ ቀን በኋላ መጋረጃው እንዲከፈት አልፈለጉም። በሰባተኛው ሳምንት አረፉ።

በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጋሽ ሜትሮ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ይቺ ልጅ ክፉ አይደለችም። ዝንብም ክፉ አይደለም። ግን ዝንብ የት እንደሚያርፍ ማን ጠይቆት ያውቃል? ሚስቴ ፀሐይ ሳታይ ነው የሞተችው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ከማንም መስኮት ሦስት ሜትር። ከዚያ ከቀረበ በመጋረጃ እንጨት አወርደዋለሁ። ቀድሜ ነግሬሻለሁ።"

ይቅርታ ጠየቅኩ። ሦስት ሜትር ብዬም ፈረምኩ። ከዚያ በላይ ደግሞ በራሴ እጅ ጽፌ በሁለቱም ሕንፃዎች ደረጃ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት መጋረጃ ይዘጋ። ሰውም ለምዶታል። በዚያ ሰዓት የምሥራቁ ሕንፃ ሠላሳ ሁለት መስኮቶች ሁሉ ይዘጋሉ። የጋሽ ሜትሮ መጋረጃ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ትሆናለች። ከኋላዋ ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ፤ ድሮኑ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ወዴት እንደዞረ፣ ስንት ሰዓት እንዳረፈ ይጽፋሉ። "ድሮኑ ሕንፃውን ይጠብቃል፣ ጋሽ ሜትሮ ድሮኑን ይጠብቃሉ" ይላል ግቢው።

ሌላም ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ። የጣሪያውን በር ክፍት ያገኘ ሁሉ ይዝጋው የሚል ነው። ልጆች እየወጡ ስላስቸገሩ ነው። በሩ ብረት ነው፤ ከጣሪያው በኩል እጀታ የለውም። እኔ ስወጣ ጡብ አስደግፌ ነው የምሠራው።

እስከዚያ ቀን ድሮኑን የማስነሳው ከግቢው መሬት ነበር። በዚያ ወር ግን የግቢው ዛፍ ቅርንጫፍ አድጎ መንገዱን ዘጋብኝ፤ ስለዚህ ከዚያው ከምዕራቡ ሕንፃ ጣሪያ ላስነሳው ወሰንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

አራት ሰዓት ላይ በሩን በጡብ አስደግፌ፣ ከውሃ ታንከሩ ወዲያ ማዶ ቆሜ ድሮኑን አስነሳሁ። የመቆጣጠሪያው ስክሪን አሮጌ ስልኬ ነው፤ ሲም ካርድ የለውም። መስታወቶቹን ከአንድ እስከ አሥራ አንድ አነሳሁ። አራት ሰዓት ከስድስት ላይ ከኋላዬ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከአጠገባችን ባለው ግንባታ ድንጋይ ያራገፉ መሰለኝና ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም። አራት ሰዓት ከዘጠኝ ላይ ድሮኑ አረፈ። ባትሪው ሠላሳ ስምንት በመቶ ቀርቶታል።

በሩ ተዘግቷል። ጡቡም የለም። ይህ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ የሚሰበስበው የግቢያችን ዘበኛ ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ጡቡን በእግሩ ገፋ ያደርገዋል እንጂ ይዞት አይወርድም።

በቡጢ መታሁት፣ በጫማ መታሁት፣ ጮህኩ። አጠገባችን የሲሚንቶ ማቡኪያ ማሽን እየዞረ ነው፤ የራሴን ድምፅ ለራሴም አያሰማኝም። ማጠፊያዎቹ ከውስጥ በኩል ናቸው፤ መፍቻዬ የሚደርስበት ብሎን አጣሁ። የጣሪያው ዙሪያ ግንብ አንገቴ ድረስ ይመጣል። ባልዲ ገልብጬ ወጣሁና ወደ ግንባታው ሁለት እጄን አወናጨፍኩ። ስድስተኛው ወለል ላይ ያለ አንድ ሠራተኛ አየኝ። ፈገግ አለ፣ እጁን አንስቶ ሰላምታዬን መለሰልኝ፣ ወደ አካፋው ተመለሰ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ራሴን የጣሪያውን ርዝመት በእርምጃ ስለካ አገኘሁት። ሠላሳ አንድ ሜትር በአሥራ አራት። የማደርገው ሲጠፋኝ እለካለሁ። ወዲያው ሌላ ስሌት መጣብኝ። ድስቱ ላይ ያለው ውሃ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነበር። አራት ሰዓት ከአምስት ግድም ፈልቷል። በዚያ እሳት በየደቂቃው አንድ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ያልቃል። ከዚያ ድንቹ ያርራል፣ ከድንቹ በላይ ፎጣዎቹ አሉ፣ ከፎጣዎቹ አጠገብ እናቴ አለች፣ እናቴ ላይ ደግሞ በሩን ቆልፌያለሁ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ኪሴን ዳበስኩት። አለ።

ከመመዝገቢያ ቅጼ ላይ አንድ ወረቀት ቀድጄ "ጣሪያ ላይ ተዘግቶብኛል፣ በሩን ክፈቱ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ድሮኑ ላይ በፕላስተር ለጥፌ አስነሳሁት። መጀመሪያ ወደ ዘበኛው ቤት ሰደድኩት። በሩ ክፍት ነው፤ ወንበሩ ላይ ሬዲዮው ብቻ ተቀምጧል። ሠላሳ ሦስት በመቶ። ወደ ምሥራቁ ሕንፃ አዞርኩት። አራተኛው ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርስ መጋረጃ ግማሽ ድረስ ክፍት ነበር፤ ደስ አለኝ። ድሮኑ ፊቱ ሲቆም አንድ እጅ ከውስጥ መጣና መጋረጃውን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ነርሷ ማስታወቂያዬን አክብራለች። ሌሎቹ መስኮቶች ቀድሞውኑ ዝግ ናቸው።

ወደ ቤቴ መስኮት ወሰድኩት። በመጋረጃውና በመስኮቱ ደፍ መካከል ሦስት ጣት የምታህል ክፍተት አለች። በእሷ በኩል የእማዬ ግራ እግር ታየኝ፤ ቡናማዋ ነጠላ ጫማ፣ ተረከዟ ጋ የተጣፈችው። ወለሉን በዝግታ፣ እኩል እኩል እየመታች ነው። ትቆጥራለች ማለት ነው። ድሮኑ ድምፅ ማጉያ የለውም። የማየው ሁሉ ግልጽ ነው፤ የነጠላ ጫማዋ ስፌት ሳይቀር ይታየኛል። አንድ ቃል ግን ላቀብላት አልችልም። በሕይወቴ እንዲህ አጥርቼ አይቼ እንዲህ እጄ ታስሮ አያውቅም።

ሃያ ስድስት በመቶ ሲሆን መለስኩት። አሥራ አምስት ሲደርስ የእኔን ትእዛዝ አይሰማም፤ በራሱ ዞሮ ወደ ተነሳበት ይመጣል። ስለዚህ የቀረኝ አንድ በረራ ነው፤ እሱም ሦስት ደቂቃ ቢሞላ ነው።

ከሠላሳ ሁለት መስኮቶች አሁን ሰው ወደ ውጭ የሚያይበት አንድ ብቻ ነው። እሱም የሚያየው ጥፋቴን ሊመዘግብ ነው። ወረቀት ይዤ ሦስት ሜትር ላይ ብቆም ጋሽ ሜትሮ "ወረቀት ተለጥፎበታል" ብለው ይጽፋሉ እንጂ የተጻፈውን አያነቡትም፤ የሩቅ ዓይናቸው ደካማ ነው። ወረቀቱ እጃቸው መግባት አለበት። ቁልፉም እጃቸው መግባት አለበት። እጃቸውን ወደ ድሮኑ የሚዘረጉበት ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በስብሰባ ፊት ነግረውኛል።

ሰውየውን በሐዘናቸው በኩል እንደምነካቸው አውቅ ነበር። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ከቦርሳዬ የግድግዳ ቀጥታ የማይበትን ቱምቢዬን አወጣሁ። የእርሳስ ክብደቱን ፈትቼ በክሩ ጫፍ የቤቱን ቁልፍ አሰርኩ። ቁልፉ ቢበዛ አሥራ ሁለት ግራም ነው፤ ይችለዋል። ክሩን አርባ ሳንቲ ሜትር አደረግኩት፣ ተሽከርካሪዎቹ እንዳይጠልፉት። ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩ፦ "ጋሼ፣ የምዕራቡ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ተዘግቶብኛል። እማዬ ብቻዋን ናት፣ ምድጃው በርቷል። ቁልፏ ይኸው። ይፍጠኑልኝ።" አጥፌ ከቁልፉ በላይ ክሩ ላይ በፕላስተር ጠቀለልኩት።

አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ አስነሳሁት። ቁልፉ ከሥር ሲወዛወዝ ድሮኑ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ስድስተኛው ፎቅ ደረስኩ። በረንዳው ላይ አንድ አበባ የሌለው የአበባ ማስቀመጫ አለ። መጋረጃዋ ሁለት ጣት ተከፍታለች። በክፍተቷ ውስጥ መነጽር አብረቀረቀ።

ሦስት ሜትር ላይ አቆምኩት። መነጽሩ ወደ ደብተሩ ዝቅ አለ። ሁለት ሜትር። ቀና አለ። አንድ ተኩል። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ስክሪኑ ላይ ሃያ ሁለት ይላል። አንድ ሜትር። ቁልፉ የበረንዳውን ብረት ነካና ተመለሰ። ያኔ መጋረጃው ተገለጠ።

ጋሽ ሜትሮ የመጋረጃ እንጨት ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ አይሰማኝም፣ ግን ፊታቸው ስክሪኑን ሞልቶታል። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ሰነዘሩ፣ ሳቱ። አላፈገፈግኩም። ይልቅስ ድሮኑን ከበረንዳው አጥር ወደ ውስጥ አስገባሁላቸው። ሁለተኛው አልሳተም።

ስክሪኑ ሰማይ አሳየኝ፣ ግድግዳ አሳየኝ፣ ከዚያ ጠቆረ። "ግንኙነት ተቋርጧል" አለ። አራት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ነበር።

ባልዲው ላይ ወጥቼ አየሁ። የበረንዳው ግንብ ድፍን ነው፤ ከኋላው ያለው አይታይም። እሳቸው ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። ድሮኑ በረንዳው ላይ ወድቆ ይሁን ከስድስት ፎቅ በታች ዛፉ ውስጥ፣ አላወቅኩም። ምድሩን አየሁ፣ ምንም የለም። ዛፉ ግን ቅጠሉ ወፍራም ነው።

ከዚያ በኋላ የማደርገው ነገር አልነበረም። የሚበር ነገር የለኝም። ስክሪን የለኝም። ቁልፉን እንኳ በገዛ እጄ ሰድጄዋለሁ። ቁልፉ ከነወረቀቱ ዛፉ ውስጥ ከወደቀ በሩን ለመስበር እንኳ ማንም ምክንያት አይኖረውም። ቆሜ መስኮቴን ማየት ብቻ ቀረኝ። የተቆለፈበት ሰው በምን ይቆጥራል ብላኝ ነበር። እኔ በሚሊ ሜትር ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ቀርቷል። አሥራ ሁለት። ስምንት። የጋሽ ሜትሮ በረንዳ ባዶ ነው። አምስት።

ስሌቴ በሦስት ደቂቃ ተሳስቶ ነበር። አራት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ ከወጥ ቤታችን መስኮት የላይኛው ጠርዝ ቀጭን ጭስ ወጣ። መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ግራጫ። ጮህኩ። ማቡኪያው ማሽን ይዞራል። ያ ሠራተኛ አሁንም አየኝ፤ አሁንም እጁን አነሳ።

አራት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ላይ የቤታችን መጋረጃ በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጭስ ወጣ። ከጭሱ ጋር አንድ ሰው አንገቱን አውጥቶ ማሳል ጀመረ፤ ከአንገቱ ሜትር ተንጠልጥሏል። ጋሽ ሜትሮ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ወንበሩን አየሁ። የእማዬ ወንበር መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ሙሉ በሙሉ አርፎበት፣ ባዶውን ነበር።

ጋሽ ሜትሮ ወደ ውስጥ ጠፉ። ስጠራቸው አልሰሙኝም።

በሩን ዘበኛው የከፈተልኝ አራት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ ነው። ጡቡን በእጁ ይዟል።

"ኢንጂነር፣ እርስዎ ኖት እንዴ? እኔ እኮ ማን አለ ብዬ ሁለቴ ተጣርቻለሁ። ማስታወቂያው ዝጉ ይላል፣ ዘጋሁ። ጋሽ ሜትሮ ከደረጃ ላይ ሲጮሁብኝ ነው የ..."

አልጨረሰም፤ አልፌው ወርጃለሁ። ስምንት ፎቅ ወረድኩ፣ ግቢውን አቋረጥኩ፣ አምስት ፎቅ ወጣሁ። በራችን ተበርግዷል፤ ቁልፉ ቀዳዳው ላይ ነው፣ የቱምቢዬ ክር ተንጠልጥሎበት።

እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ክርኗ ተልጧል፣ ቀሚሷ ከጎኗ አቧራ ለብሷል። ጋሽ ሜትሮ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለው የከሰለውን ድስት በማንኪያ ይፍቃሉ።

"ይተዉት፣ ድስት ነበር እኮ፣ አሁን ከሰል ሆኗል" ትላለች እማዬ።

"እትዬ፣ ድስት የሚጣለው ቀዳዳ ሲያወጣ ነው።"

"እንዲያማ ከሆነ እኔንም አትጥሉኝ።"

ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እማዬ አየችኝ። "መጣሽ?" አለች፣ ከሱቅ እንደተመለስኩ ሁሉ።

ጋሽ ሜትሮ ሳይዞሩ ጀመሩ። "ሦስት ሜትር ብለሽ ፈርመሻል። ዛሬ ስንት ነበር?"

"ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ጋሼ።"

"ሰባ። ለክቼዋለሁ። ጽፌዋለሁም።" ማንኪያውን አስቀመጡ። "እንደውም ያዘገየኝ እሱ ነው። ዝንቡን ጣልኩት፣ ለካሁ፣ መዘገብኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። ቁልፉን ሳየው ደግሞ የሰው ቤት ሊሰርቅበት ነው እንዴ አልኩ። ከዚያ ነው ወረቀቱ ትዝ ያለኝ። የቅርብ መነጽሬን ስፈልግ ደግሞ ግንባሬ ላይ ነበር። አሥራ ሦስት ደቂቃ በከንቱ።"

"ጋሼ፣ መስኮትዎ ላይ እንደዚያ ማድረጌ... በባለቤትዎ..."

"አንዴ ይቅርታ ጠይቀሽኛል" አሉኝ። "ደጋግመሽ አታሳንሺው።" ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ድሮኑ ነው፤ ሁለት ክንዱ ተሰብሯል፣ ካሜራው ወደ ጎን ተጣሟል። "ክንዱን እኔ ነኝ የሰበርኩት፤ አልክድም። ግን የነገርኩሽን ነው ያደረግኩት።"

"እሱን ተማምኜ ነው የላክሁት።"

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ መሆኑ የገባኝ ሜትሩ ከአንገታቸው ሲወዛወዝ ነው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙና ቁልፉን ከነክሩ ነቅለው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። "ይሄ ሁለተኛ አለው?" አሉ። የለውም አልኳቸው። "እንግዲያው ሰኞ አስቀርጪ። እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ዝንብ አልጠብቅም ከእንግዲህ።"

ከሄዱ በኋላ የእማዬን ክርን አጥቤ አሰርኩላት። ፎጣዎቹ ጠርዛቸው ጠቁሯል እንጂ አልነደዱም። የካሜራው ካርድ ደህና ነበር፤ አሥራ አንዱም መስታወቶች አልተሰበሩም።

"ከወንበሩ እንዴት ወረድሽ?" አልኳት።

"ወደቅኩ። ወድቄ ስነቃ መሬት ላይ ነኝ። መሬት ላይ ከሆንኩ አይቀር ልሂድ አልኩ።"

"ጭሱ ሸተተሽ?"

"ኋላ ነው የሸተተኝ። መጀመሪያ ጢንዚዛው ነው።" በግራ እጇ ጣቶች እያሳየች ቆጠረችልኝ። "በወር አንዴ ነው የምታስጮሂው። ዛሬ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ አልመጣሽም። ደግሞ ጮኸ፣ እኔ መስኮት ጋ ቆመ። ዝም አለ፣ አልመጣሽም። ሦስተኛ ጮኸና ቀጭ ብሎ ጠፋ። ልጄ አንድ ነገር ሆናለች አልኩ።"

"ታዲያ ምድጃው ይቀርብሽ ነበር። መሬት ላይ ሆነሽም ሶኬቱን መንቀል ትችዪ ነበር።"

"ምድጃው ምን ያደርግልኛል? እኔ አንቺን ልፈልግ ነው የወጣሁት።"

ተቆልፎ ነበር አላልኳትም። ታውቃለች።

ስትተኛ ሜትሬን አወጣሁ። አቧራው ላይ ቀሚሷ የተጎተተበት መስመር ከወንበሩ ጀምሮ በግልጽ ይታያል፤ ጋሽ ሜትሮ ያነሷት ቦታ ላይ ይቆማል። ከወንበሩ እስከ ምድጃው ሶኬት አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። ከወንበሩ እስከ በሩ አራት ሜትር ከሃያ ነው። እማዬ ወደ በሩ ሦስት ሜትር ከአሥር ሄዳ ነበር።